ጭምብሉና መነጽሩ

ሠላሳ አንድ ዓመት አልጋ ገፋሁ። ጣሊያኖቹ ባሬሊየሬ ይሉታል፤ በሽተኛን በተሽከርካሪ አልጋ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያደርስ ሰው ማለት ነው። ሮም ውስጥ ባለ አንድ ትልቅ ሆስፒታል፣ ከምድር በታች ባለው የጨረር ሕክምና ክፍል፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ገብቼ ዘጠኝ ሰዓት እወጣ ነበር። አሁን ጡረተኛ ነኝ። በቃህ፣ አርፈህ ተቀመጥ ይሉኛል። አርፌ ስቀመጥ ያየሁት ነገር ሁሉ እየመጣ አጠገቤ ይቀመጣል፤ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ፊደል ብስት አንባቢ ያርመኝ፤ ነገሩን ግን አልሳትኩም።

የተወለድኩት አዲስ አበባ ነው። እናቴ ያገራችን ሰው ነበረች፣ አባቴ ጣሊያን መካኒክ። ጃኒ ብሎ ስም ሰጠኝ፤ ከስሙ ሌላ ብዙም አልሰጠኝ። ሮም ስገባ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያውን የሙቀት ወራት ኦስቲያ ባሕር ዳር ጃንጥላ ስተክል ስነቅል ዋልኩ። ቀጥሎ ጽዳት፣ ቀጥሎ ሬስቶራንት ውስጥ ዕቃ ማጠብ። ለፔርሜሶ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ስንት ቀን እንደተሰለፍኩ አላወራም፤ የተሰለፈ ያውቀዋል። በመጨረሻ አንድ የጽዳት ማኅበር ሆስፒታሉ ውስጥ አስገባኝ፣ እዚያው ከመጥረጊያ ወደ አልጋ ተዛወርኩ። ደመወዙ ያኖር ነበር እንጂ አያንደላቅቅም።

ሥራውን ያስተማሩኝ ሲኞር ኔሎ ይባላሉ፤ የጨረር ማሽኑን የሚያሠሩት ቴክኒሺያኖች አለቃ ነበሩ። አጭር፣ ራሰ በራ፣ ያልተለኮሰ ሲጋራ በጆሯቸው ላይ ሰክተው የሚውሉ ሰው። በመጀመሪያው ቀን ምን ታውቃለህ አሉኝ። አልጋ መግፋት አልኳቸው። ማንም ይገፋል አሉና እኔን ራሴን አልጋው ላይ አስተኝተው በኮሪደሩ አበረሩኝ። ድንገት ያቆማሉ፣ ድንገት ይጠመዝዛሉ፣ የሊፍቱን ደፍ ያለማስጠንቀቂያ ያዘልላሉ። ስወርድ ግድግዳውን ደግፌ ቆምኩ። "አሎራ፣ እንግዲህ አሁን ሥራህን ግማሹን አወቅህ" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የተኛ ሰው ዓለሙ ጣራ ነው። ጣራው ላይ የምትርገበገብ አምፖል ካለች እሷን ነው የሚያየው፤ የሞቱ ምልክት አድርጎ የሚይዛትም አለ። ስለዚህ እግሩን ወደፊት፣ ራሱን ወደ እኔ አድርጌ እገፋለሁ፣ ቀና ሲል ፊቴን እንዲያገኝ። ከደፍ በፊት "አሁን ትንሽ ይነቀንቃል" እላለሁ። ማዕዘን ላይ ጎማው ሳይጮህ ነው የምዞረው። ቆሜም ፍሬኑን ከረገጥኩ በኋላ እጄን ካልጋው ጠርዝ ቶሎ አላነሣም። ይኼ በየትም ወረቀት አልተጻፈም፣ ኔሎ ናቸው ያሳዩኝ።

የእሳቸው ልማድ ደግሞ ሌላ ነበር። የመጀመሪያው በሽተኛ ከመግባቱ በፊት በየጠዋቱ ማሽኑ ሥር ያለው ጠባብ አልጋ ላይ ራሳቸው ሁለት ደቂቃ ይተኛሉ፣ ዓይናቸውን ገልጠው። እጃቸውን በሙቅ ውሃ ሳያሞቁ ሰው አይነኩም። ከክፍሉ ሲወጡም ጀርባቸውን አይሰጡም፤ ፊታቸውን ወደ በሽተኛው አድርገው፣ በስሙ እየጠሩ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ነበር የሚወጡት።

ክፍሉን ቡንከር ይሉታል። ግድግዳው እንደ ምሽግ የወፈረ ነው፣ መዝጊያውን በሞተር ካልሆነ ሰው አይገፋውም። ጨረሩ ሲለቀቅ ከበሽተኛው በቀር ማንም ውስጥ አይቀርም፤ ዶክተርም ቢሆን፣ እናትም ብትሆን። ሁላችንም ወጥተን በቴሌቪዥን እናያለን። አንገቱን ወይም ጭንቅላቱን ለሚታከም ሰው ደግሞ ጭምብል አለ። ባለ ቀዳዳ ፕላስቲክ ነው፤ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ሊጥ ይልማል፣ ፊት ላይ ሲዘረጋ የፊቱን ቅርጽ ይዞ ይደርቃል። ከዚያ በየቀኑ ሰውየውን አስተኝተው ጭምብሉን ካልጋው ጋር ይቆልፉታል፣ ጭንቅላቱ እንዳይነቃነቅ። ጨረሩ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ ሲነካ አያቃጥል። ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቡ ኖሬ አንድ ቀን እንኳን አላየሁትም። ብቻ ሲገቡ ማር መዋጥ ያቃታቸው ሰዎች ከወራት በኋላ ዳቦ እየገመጡ ሊጠይቁን ሲመጡ አያለሁ። እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አሁን ጥፋቴን ልጻፍ። ሳልጽፈው ባልፍ የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል።

ወይዘሮ ጽጌ የሚባሉ ሴት ካዲስ አበባ ወንድማቸው ዘንድ መጥተው ሳለ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ጣሊያንኛ አያውቁም። ዶክተሩ አስተርጉም ብሎ ጠራኝ። ከመግባቴ በፊት ወንድማቸውና የወንድማቸው ሚስት ኮሪደሩ ላይ ያዙኝ። የበሽታውን ስም እንዳትጠራባት፣ ከሰማች ተስፋ ቆርጣ ትሞታለች አሉኝ፤ በእናቴ ስም ለመኑኝ። በኛ ዘንድ እንዲህ ነው። በሽታው ምን እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ባለበሽታው ብቻ አያውቅም። እኔም ደግነት መሰለኝና እሺ አልኩ።

ዶክተሩ ብዙ ተናገረ። እኔ "ቁስል አለ፤ በትልቅ ማሽን ፎቶ ያነሱልዎታል" ብቻ አልኳቸው። ዶክተሩ አንገቱን ነቀነቀ፤ ተግባባን ብሎ ነው። ወይዘሮ ጽጌ ጭምብሉን እንደምንም ቻሉት፣ ሁለት ቀን ተኙለት። በየቀኑ ስንት ፎቶ ነው የሚነሣው ይሉኛል፤ ትንሽ ቀረ እላለሁ። በሦስተኛው ቀን መዝጊያው እንደተዘጋ በቴሌቪዥኑ እጃቸው ወደ ፊታቸው ሲሄድ አየን። ኔሎ ማሽኑን አቆሙ፣ ግን ያ መዝጊያ እስኪከፈት ጊዜ ይወስዳል። ስንገባ ጭምብሉን ሊነቅሉ ታግለው ከንፈራቸው ደምቷል። ቀና ብለው አዩኝ።

"ወንድሜ፣ ለፎቶ ሰው ይታሰራል? ምንድነው የምታደርጉኝ?"

ያን ጊዜ እንኳን እውነቱን መናገር እችል ነበር። ፎቶ ነው አልኳቸው። ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ፣ ተመልሰውም አልመጡ። ወዳገራቸው ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ወንድማቸውን ኤስኲሊኖ ገበያው ውስጥ አገኘሁት፤ ጥቁር ለብሷል። አየኝና ፊቱን አዙሮ ሕዝቡ መሐል ገባ።

ለኔሎ ሁሉን ነገርኳቸው። ጮኸው ቢሰድቡኝ ደስ ባለኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ አላናገሩኝም። ከዚያ "ከዛሬ ጀምሮ የምንናገረውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገር፤ ካልቻልክ ዝም በል" አሉ። እኔም ከዚያ ወዲህ አላስተረጉምም ብዬ እምቢ አልኩ። ግትር ነህ ይሉኛል፣ ልክ ናቸው። ኔሎ ጡረታ ወጥተው ሄዱ፣ አለቆች ተቀያየሩ፣ አንዱ ማሽን ወጥቶ ሌላው ገባ፣ እኔ አልጋዬን መግፋት ብቻ ያዝኩ።

ጡረታዬ ሊደርስ ሁለት ዓመት ሲቀረው ኪያራ የምትባል ወጣት የሥነ ልቦና ዶክተር መጣች። አንሶላ የምናስቀምጥበትን ትንሽ ክፍል አስለቅቃ ወንበርና ኮምፒዩተር አስገባች፤ ላዩ ላይ ዓይንን ሁሉ የሚሸፍን ጥቁር ነገር። ቪዞሬ ይሉታል፣ እኔ መነጽር እለዋለሁ። በሽተኞች ገና ሕክምናው ሳይጀመር በዚህ ውስጥ ክፍሉን ያዩታል አለች። የልጅ መጫወቻ ነው አልኳት። ሰው ታሞ መጥቶ ፊልም ልታሳዪው ነው ወይ ብዬም ቀለድኩባት። እሷም እንደኔው ግትር ናት።

"ጃኒ፣ ክፍሉን ታውቀዋለህ?"

"ከቤቴ ይበልጥ።"

"መዝጊያው ሲዘጋ ከውስጥ ሆነህ አይተኸዋል?"

"እሱንማ ማን አይቶት ያውቃል።"

"በሽተኞቹ" አለችኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ መነጽሩን አጠለቀችልኝ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። አንሶላ ቤቱ ጠፋ። ኮሪደራችን መጣ፤ ጣራው ከላዬ ይሄዳል፣ የጎማው ድምፅ ከሥሬ ይሰማል። ቀና ስል የሚገፋኝ ሰው አለ። ቡንከሩ ውስጥ ገባሁ፤ እውነተኛው ቡንከር ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለችውን ጭረት እንኳን አወቅኋት፣ እኔ ነኝ ባልጋ የጫርኳት። ያ ትልቅ የማሽን ራስ ከፊቴ በላይ ቆመ። እጄን ዘርግቼ ልነካው ስል አየር ያዝኩ። ከዚያ ጭምብሉ መጣ፤ ዓለም ሁሉ በትንንሽ ቀዳዳ ተከፋፈለ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። መዝጊያው መዘጋት ጀመረ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከውጭ ሲዘጋ የሰማሁት መዝጊያ ከውስጥ ድምፁ ሌላ ነው። ብርሃኑ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ጠፋ። ማሽኑ እያጉረመረመ በዙሪያዬ ዞረ። ብቻዬን ነበርኩ። በየቀኑ ስንቱን ሰው እዚህ አድርሼ ትቼው ወጥቻለሁ።

ኪያራ መነጽሩን ስታወልቅልኝ ፊቴ ርሶ ነበር። አማተብኩ። ይኼን ሁሉ ዓመት ሥራዬን ከአንድ ወገን ብቻ ነበር የማውቀው። ወይዘሮ ጽጌ ያዩትንም ያን ቀን አየሁት። እሳቸው ምን እንደሆነ እንኳን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ጋሽ መርዕድ የመጡት ልወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ነው። የአሰብን መስመር በከባድ መኪና ሲመላለሱ የኖሩ፣ ሚስታቸው ስትሞት ሮም ያለች ልጃቸው ሊያ ዘንድ የመጡ ሽማግሌ። ምላሳቸው ሥር ዕጢ ወጣ። ጭምብሉን ሊሠሩላቸው ያስተኟቸው ቀን ገና ሳይደርቅ ገፍትረው ተነሡና ቲኬት ቁረጪልኝ፣ አገሬ እገባለሁ አሉ። ዶክተሮቹ ሊያን ጠርተው አሁን ካልተጀመረ ኋላ የምንረዳው ነገር አይኖርም አሏት።

ሊያ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ወዳለው የኛ ሰዎች ካፌ አስጠራችኝ። ጋሼ ጃኒ፣ ለአባዬ ያስረዱልኝ፣ የበሽታውን ስም ግን እንዳይጠሩ አለችኝ። ቃል በቃል ያው ልመና ነው። የወይዘሮ ጽጌን ነገር ነገርኳት፤ ከኔሎ ሌላ ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በእኔ አባት ላይ ንስሐ አይግቡ።"

አነጋገሯ ወጋኝ፣ ግን ትክክል ነበረች። ስለዚህ ተስማማን፤ እሳቸው ካልጠየቁኝ አልናገርም፣ ከጠየቁኝ አልዋሽም አልኳት። ሌላ አባባል የለኝም።

በማግስቱ በዚያ አንሶላ ቤት አራታችን ተሰበሰብን። መነጽሩ የሚናገረው በጣሊያንኛ ብቻ ነው። ኪያራ የምለውን በወረቀት ሰጥታኝ ነበር፤ እኔ በንባብ የምሮጥ ሰው አይደለሁምና አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ጋሽ መርዕድ የሚያዩትን እኛም በኮምፒዩተሩ እናየዋለን። ስዕሉ ሲጀምር የወንበሩን ክንድ ያዙ።

"ማን ነው የሚነዳኝ? መታጠፊያ አያውቅም" አሉ።

እኔ አይደለሁም ስላቸው ሳቁ። ቡንከሩ ውስጥ ሲገቡ ራሳቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ጎን ያዞራሉ። ማሽኑ ከራሳቸው በላይ መዞር ሲጀምር ይኼ ጋራዥ ነው አሉ። ስንት ዘመን ከመኪና ሥር ተኝቼ ሳየው ኖሬ፣ አሁን እሱ እኔን ያያል አሉ። ጭምብሉ ሲመጣ ትንፋሻቸው በረታ። እኔ ኮቴ በኮቴ እነግራቸዋለሁ፤ አሁን ቴክኒሺያኖቹ ይወጣሉ፣ አሁን መዝጊያው ይዘጋል፣ ድምፅዎን እንሰማለን፣ እጅዎን ካነሡ እናቆማለን።

"ቆይ" አሉ። "መዝጊያው ለምን እንዲህ ወፈረ?"

"ጨረሩ ወደኛ እንዳይወጣ ነው።"

"እናንተ የምትሸሹትን ለኔ የምትሰጡኝ፣ ምን ቢኖርብኝ ነው?"

ኪያራ አማርኛ አታውቅም፤ የሁላችንን ፊት አይታ ግን ስዕሉን አቆመችው። ኮምፒዩተሩ ላይ መዝጊያው ግማሽ ተዘግቶ ቀረ። እኔ ሊያን አየሁ። ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ አፌን ልከፍት ነው። እሷ ቀደመችኝ። ከወንበራቸው ፊት ተንበርክካ ሁለት እጃቸውን ያዘች።

"ካንሰር ነው አባዬ።"

ዓይናቸው ተሸፍኗል፤ የሚታየን አፋቸው ብቻ ነው። አፋቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ። እጃቸውን ከእጇ አላወጡም።

"ስንት ሰው ያውቃል?" አሉ።

"ሁላችንም።"

"አገር ቤት ያሉትም?"

"እነሱም አባዬ።"

"እኔ ብቻ ነኛ እንግዳው።"

ሊያ ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ ደፋች። ሊነሡ ነው፣ መነጽሩን ወርውረው ቲኬት ሊሉ ነው ብዬ ወደ በሩ አየሁ። እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"በሉ፣ መዝጊያውን ምን አቆመው? ይዘጋ።"

ኪያራ ለቀቀችው፣ ተዘጋ። ማሽኑ በዙሪያቸው ዞረ። ሲጨርስ እንደገና አሉ። ሦስት ጊዜ አዩት። በሦስተኛው ጥያቄ የሚጠይቁት እንደ ሹፌር ነው፤ መብራት ቢጠፋ መዝጊያው በምን ይከፈታል፣ ቴሌቪዥኑን የሚያየው ሰው ሽንት ቤት ቢሄድ ማን ይተካል፣ ማሽኑን በየስንት ጊዜው ይፈትሹታል። አንዱንም ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተረጎምኩ።

ጭምብሉ በሳምንቱ ተሠራ። የመጀመሪያውን ቀን እኔ ነኝ የገፋኋቸው። ሊያን ውጭ አስቀምጫት በቴሌቪዥኑ አየሁ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ድንጋይ ሆነው ተኙ። እኔ ነኝ የላበኝ። ሲወጡ ፊታቸው ላይ ያ የፕላስቲክ ወንፊት ታትሟል። የመነጽሩ ይሻላል፣ እዚያ የሚቀዘቅዝ እጅ የለም ብለው ለቴክኒሺያኖቹ እንድነግርላቸው አዘዙኝ። ነገርኩ። ከዚያ ወዲያ ቴክኒሺያኖቹ እጃቸውን ማሞቅ ጀመሩ።

ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽም። በአራተኛው ሳምንት አፋቸው ቆሰለ፣ ሾርባም እምቢ አላቸው፣ ድምፃቸው ጠፋ። አንድ ቀን በምልክት አልመጣም ብለው ቤት ቀርተው ሊያ እየጎተተች አመጣቻቸው። ግን ስሙን ስለሚያውቁት ይጣሉት ነበር፤ ለዚህ ካንሰር አልሸነፍም ብለው ወረቀት ላይ ይጽፉልኛል። ሁሉንም ቀን ጨረሱ። ከዚያ በኋላ የታየው ምርመራ ደህና ነው ተብሏል፤ የሚቀጥለውን ደግሞ እናያለን። ከዚህ በላይ የማውቀው ስለሌለ አልጽፍም።

እኔም ወጣሁ። ኬክ ቆረሱልኝ፣ ወረቀት አስፈረሙኝ። ኪያራ ግን በወሩ ደወለች፤ መነጽሩ በአማርኛ እንዲናገር ድምፅህን ስጠኝ አለችኝ። ማይክ ፊት አስቀመጡኝ። ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ካንሰር የሚለውን ቃል እላለሁ አልኳት። ሰዎቻችሁ አይከፋቸውም ወይ ብላ ሰጋች። ይግባ፣ ካልገባ እኔ ቤቴ እገባለሁ አልኳት። ገባ። አሁን በዚያ መነጽር ውስጥ መዝጊያው ይዘጋል፣ ሁሉም ይወጣል፣ የኔ ድምፅ ግን ከተኛው ሰው ጋር ይቀራል። ይኼን ሳስብ እደነግጣለሁ፤ አራተኛ ክፍል ያልጨረስኩ ሰው ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሽ መርዕድ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ካፌው ጠሩኝ። ሲጨርሱ ጭምብሉን ሰጥተዋቸው ነበር፤ ሊያ ቤት አይግባ ብትልም በፌስታል ይዘውት ይዞራሉ። ስለ መነጽሩ ስናወራ ማኪያቶው መሐል ጭምብሉን አወጡና ጠረጴዛው ላይ አቆሙት፤ አፍንጫው የሳቸው፣ አገጩ የሳቸው። "ይኼ የካንሰሬ ጭምብል ነው" አሉ፣ በዚያ በሻከረ ድምፃቸው፣ ካፌው ሁሉ እስኪሰማ። ወሬው ቆመ። አንዱ በል ክተተው፣ ክፉ አትጥራብን አላቸው። አንዷ አማተበች። እሳቸው ስኳራቸውን ያማስላሉ።

ወደ በሩ ብቻዋን የተቀመጠች አንዲት ሴት ነበረች፤ ያረጁ ሰዎች ቤት እየዋለች የምትሠራ፣ በዓይን የማውቃት። ወንበሯን ቀስ አድርጋ ወደኛ አስጠጋች። ጭምብሉን እያየች፣ ለኔ ብቻ እንዲሰማ ዝቅ ብላ፣ ያ መነጽር ያላችሁት ለሌላም ሰው ይሆናል ወይ አለችኝ። ለማን ነው አልኳት። ለእናቴ፣ ግን አልነገርናትም አለች።

ጋሽ መርዕድ ጆሯቸውን አዘነበሉ።

"ልጄ፣ አልሰማሁሽም። እናትሽ ምን ሆኑ?"

ሴትየዋ ዙሪያዋን አየች። የሚያውቋት ሁሉ እዚያው ናቸው። ቦርሳዋን ከጭኗ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ቀና አለች፣ የበሽታውን ስም ጮክ ብላ ተናገረች።